ከቤንዚን በታች ስለተገኘ ውሃ

የምስክሩ ስም፦ ዳኘው አምሐ
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ የመኪና መካኒክ
አድራሻ፦ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ አዘዘ ወልደ ገብርኤል
ጉዳዩ፦ ሾፌር አካሉ አበራ በመንግሥት መኪና ላይ አሻጥር ሠርቷል ስለመባሉ

ከላይ የተመለከተው ስሜና አድራሻዬ ትክክል ነው። ወደ ጣቢያው የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ ሲሆን፣ ምክንያቱም የታሰረው ሾፌር አካሉ ጥፋት እንደሌለበት ስላረጋገጥሁ ነው። ለመታሰሩ ሰበብ የሆነችው የእኔዋ ምላስ ናት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ቢሆንም ልሞክረው ብዬ መጥቻለሁ።

ባለፈው ሰኞ ከቀትር በኋላ አንድ የመሥሪያ ቤት ላንድሮቨር እየተንገጫገጨ ጋራዤ ገባ። የሚነዳው አካሉ ሲሆን፣ አለቃው ጓድ አንዳርጋቸው ከጎኑ ነበሩ። ቆላ ድባ ላይ ስለ እህል ግዥ ለሚደረግ ስብሰባ ሲሄዱ እንፍራንዝ አካባቢ መኪናው አላስኬድ ብሏቸው፣ ስብሰባው አምልጧቸው መመለሳቸውን ጓድ አንዳርጋቸው እየተቆጡ ነገሩኝ። ሞተሩ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ሲረገጥ አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሁለቱም ከግራና ከቀኝ ምክንያቱን ሊያስረዱኝ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ሞተር ሳዳምጥ ሰው ሲያወራብኝ አልወድም፤ "እስቲ ዝም በሉ፣ እሱ ራሱ ይናገር" አልሁ።

ካንዴላዎቹን ፈትቼ አየሁ፤ ደህና ናቸው። የኤሌክትሪክ ገመዶቹም አልላሉም። አካሉን ችግሩ መቼ እንደጀመረ ብጠይቀው፣ ከአዲስ ዘመን አለፍ ብሎ ከጀሪካን ቤንዚን ከጨመረ በኋላ መሆኑን ነገረኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ካርቡራቶሩን ከፍቼ ውስጡ የተጠራቀመውን በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁ። ቤንዚኑ ከላይ ተንሳፍፎ ከሥሩ ውሃ ተኝቷል፤ ከውሃው ሥር ደግሞ ደቃቅ አመድ የመሰለ ነገር አለ። ደስ ብሎኝ "አገኘሁት! ውሃ ገብቶበታል!" ብዬ ጮህሁ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! ጓድ አንዳርጋቸው ወዲያው "ማን ጨመረው? ይኼ አሻጥር ነው!" ብለው አካሉን ለዚህ ጣቢያ አስረከቡት። ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው የት እንደሚደርስ ሃምሳ አለቃ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ።

የመኪናውን ነዳጅ ጋን አጥቤ አስተካከልሁት። ያ አመድ መሰል ነገር ግን ከነከነኝ። ዝገት ቢሆን ይቀላ ነበር፤ የመንገድ አቧራም ግራጫ አይደለም። ስለዚህ ብርጭቆውን በላስቲክ ሸፍኜ አካሉ ቤት ሄድሁ። ሚስቱ ወለላ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ፣ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ተቀበለችኝ። ስለ ጀሪካኑ ብጠይቃት፣ የመሥሪያ ቤቱ ስለሚያፈስ አካሉ ማለዳ ከበር ኋላ የነበረውን የቤታቸውን ይዞ መውጣቱን ነገረችኝ። ይህን እየተናገረች ድንገት አፏን ያዘች። "ውይ በሞትሁት! ጠበሉ!" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ታማባት ሐይቁ ውስጥ ካለ ገዳም በዚያ ጀሪካን ጠበል አስመጥታ ስታጠምቃት ሰንብታለች። ልጅቱም ድናለች፤ እኔው ራሴ ጢሜን ስትጎትተኝ አይቻለሁ። "የተረፈው ጠበል መሬት አይደፋ ነገር፣ ቤቱን እረጭበታለሁ ብዬ ከነእምነቱ አስቀመጥሁት። እሱ ባዶ መስሎት ነው" አለችኝ። እምነት የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን አመድ ከተቋጠረበት ወረቀት አውጥታ አሳየችኝ። ከብርጭቆው ሥር ካለው ጋር አንድ መልክ ነው። እሷ እየሳቀች አለቀሰች፤ እኔም ሳቅሁ፣ እውነቱን ለመናገር ማልቀሱም አልቀረልኝም።

ዛሬ ብርጭቆውንና የእምነቱን ወረቀት ይዤ ለጣቢያው አዛዥ ለሻምበሉ ሳስረዳ፣ "ጠበል ምናምን አላውቅም፤ ውሃ ውሃ ነው" አሉኝ። እኔም "ጌታዬ፣ ውሃ ከሆነ እዚሁ እግራችን ሥር ይድፉት። ጠበል ከሆነ ግን በጠበል አሻጥር የሚሠራ ሰው የለምና ሰውየውን ይፍቱት" አልኋቸው። ሻምበሉ ሃምሳ አለቃን "ድፋው" አሏቸው። ሃምሳ አለቃም "ቃሉን ጽፌ ልጨርስ" አሉ። ሻምበሉ የጣቢያውን ዘበኛ ጠሩት፤ ዘበኛው "እጄ ቆስሏል" አለ፤ የትኛው እጁ እንደሆነ ግን አላሳየንም። አሁን ሻምበሉ ብርጭቆውን ራሳቸው አንሥተው ይዘው ወጥተዋል። ከዚህ ወዲያ ያለውን አላየሁም።

የተጻፈው ሲነበብልኝ የሰማሁት የራሴን ቃል ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና፣ ይህም ወረቀት እውነቱን ይያዝልኝ። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ ልጠየቅ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዳኘው አምሐ
ቃሉን የተቀበለው ሰው ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ አዘዘ ወልደ ገብርኤል

ማስታወሻ፦ በኤግዚቢትነት የቀረበው ብርጭቆ ባዶውን ተመልሷል። በውስጡ የነበረው ከጣቢያው አጥር ጥግ፣ እግር በማይረግጠው ቦታ፣ በሻምበሉ በራሳቸው እጅ ፈስሷል። ተጠርጣሪ አካሉ አበራ ቀበቶውና የጫማ ክሩ ተመልሶለት ወደ ቤቱ ሄዷል።