ደህናውን እጅ ያሳከሙት ጋሼ ጀብሪል

እንደምን ዋላችሁ! ዘንድሮ ንግግር የሚጀመረው «ኢትዮጵያ ትቅደም» ተብሎ ነው፤ ትቅደም፣ እሰየው። ዛሬ ከሰዓት ግን፣ በጡረታ ሽኝታቸው፣ ለአንድ አፍታ ጋሼ ጀብሪልን ብናስቀድም የሚቆጣን ያለ አይመስለኝም። ጋሼ፣ ተደላድለው ይቀመጡ። በር በሩን አይዩ። ስንቱን በመርፌ ሲወጉ ኖረው የለ? ዛሬ የምወጋው እኔ ሐረግ ነኝ።

እኚህ ሰው ከደሴ ተዛውረው መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ የገቡበትን ቀን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ካርድ ክፍል ከተቀጠርኩ ወር አልሞላኝም ነበር። ነጩ ጋዋን ሻንጣ ውስጥ እንዳይጨማደድ ብለው ከደሴ ጀምረው ለብሰውት በጭነት መኪና መጡ። የዚያን መንገድ አቧራ ታውቁታላችሁ። በራችን ላይ ሲደርሱ ጋዋኑ አፈር፣ ቅንድባቸው አፈር፣ ጢማቸው አፈር! አሻግሬ የሚባለው ዘበኛችን አየት አደረጋቸውና «አባት፣ ሕመምተኛ የሚሰለፈው በዚያ በኩል ነው» አላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «ማን መሰልኩህ?» ይል ነበር። ጋሼ ጀብሪል ሄደው ተሰለፉ! ተራቸው ሲደርስ ቀና ሳልል፣

«ስም?»

«ጀብሪል።»

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«አሁንስ ወገቤን። ግን የመጣሁት ለሥራ ነበር።»

ክው አልኩ! የምንጠብቀው ድሬሰር፣ ቁስል የሚያክመውና መርፌ የሚወጋው ባለሙያ፣ ፊቴ ተሰልፏል! ኋላ «ለምን ተሰለፉ?» ብላቸው፣ «አንድም ሰልፉ ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ፤ አንድም አሻግሬ ዱላ ይዟል» አሉኝ።

የመርፌ ዘዴያቸውንማ ቦረና አውራጃ ውስጥ የማያውቅ የለም። ገበሬው መርፌውን አይቶ ሲንቀጠቀጥ፣ «በሬህን ማን ትለዋለህ?» ይሉታል። በሬው ሲነሣ ፊቱ ይበራል። «ዳልቻ — ዋይ እናቴን!» በቃ፣ አለቀ። የዚህ አገር በሬ ሁሉ የአባቱ ስም «ዋይ» ነው። ደግሞ «ቁስል ላይ እፍ አትበሉ» ብለው እኛን ይቆጡና፣ አዮዲኑን ካደረጉ በኋላ ግራ ቀኝ አይተው ራሳቸው እፍ ይላሉ። አይተንዎታል ጋሼ!

አሁን ወደ እጃቸው ልምጣ፣ ዋናው ነገሬ እሱ ነውና። መጀመሪያ ቀኝ መዳፋቸው ላይ ባቄላ የምታህል እብጠት ወጣች። «መቀስ ነው ያቆረፈደኝ» አሉ። ዓመት ሳይሞላ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ፣ ከውስጥ ገመድ የሚስባቸው ይመስል፣ ወደ መዳፍ መታጠፍ ጀመሩ። ጓንት አልገባ አለ። እጃቸውን ኪስ ከከተቱ ኪሱን ሳይገለብጡ አያወጡትም። ከሁሉ የባሰው ሰላምታው! አዋላጃችን ብርሀንነሽ አንድ ቀን ጨብጣቸው እሳት እንደነካት እጇን መንጭቃ ወጣች።

«ሐረግ! ይህ ሰውዬ መዳፌን ጫረኝ! እኔ እኮ ባለ ትዳር ነኝ!»

መዳፍ መጫር በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላላችሁ ልጆች አላስረዳም። ጋሼ ከኋላዋ እየሮጡ «ጣቴ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም፣ ወላሂ!» ሲሉ ግቢው ሁሉ ሳቀ። ብርሀንነሽ፣ አትደበቂ፣ አይቼሻለሁ።

ከዚያ የረሃቡ ዓመት፣ ስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ መጣ። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ስቀን አናውቅም። አንድ ጧት ቢተው የሚባል ገበሬ ከቆላው በኩል መጣ፤ አጥንቱ ወጥቷል። ጋሼ መርፌውን አነሡና በልማዳቸው «በሬህን ማን ትለዋለህ?» አሉት። ሰውዬው «ቡሬ ነበር። አርደን በላነው» አለ። የመርፌው እጅ አየር ላይ ቀረ። ደነገጥኩ ብል ያንሳል፤ ያን ቀን ካርዱ ላይ የጻፍኩትን እኔም ላነበው አልችልም። ጋሼ ከዚያ በኋላ ያንን ጥያቄ ለማንም ጠይቀው አያውቁም።

በዚያው ዓመት በሰኔ፣ በልጉ ከሽፎ ክረምቱም ሲዘገይ፣ ሽማግሌዎቹ ለዱዓ ጠሩን። እስላሙም ክርስቲያኑም ሜዳው ላይ ወጣን። ሸሁ «መዳፋችሁን ዘርጉ!» አሉ። ያ ሁሉ ባዶ መዳፍ ወደ ሰማይ ተዘረጋ። የጋሼ ጀብሪል ቀኝ እጅ ብቻ ግማሹ ተዘግቷል። ቢተው አጠገባቸው ነበር፤ አየ።

«እዚህ እጁን የጨበጠ ሰው አለ! ሰው ጨብጦ ዝናቡ ከየት ይመጣል?» ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ለራብተኛ ሕፃናት አጥሚት ሲያጠጣ የከረመውን እጅ እንዲህ ይበሉት! ሸሁ መጥተው ያዙት፣ ሊዘረጉት ሞከሩ፣ አልዘረጋ ሲላቸው «ሕመም ነው፣ ተውት፣ ጌታ ያውቀዋል» አሉና ዱዓው ቀጠለ። ለሰው አለፈ። ለጋሼ ግን አላለፈም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱዓ ሲሆን ከሰው ጀርባ ይቆማሉ፣ እጃቸው ከጋቢው ሥር ነው። «ሸሁ እኮ ሕመም ነው ብለዋል» ብላቸው፣ «የራበው ሰው እጅ እንጂ ሕመም አያይም፣ ሐረግ» አሉኝ።

በዓመቱ፣ በግንቦት፣ ከእርዳታ መኪና ጋር አንድ ጀርመናዊ ሐኪም መጣ። ጋሼን ሰላም ሲል እጃቸውን ይዞ አልለቅ አለ። እንደ ብርሀንነሽ ሊጮህ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ መዳፋቸውን ገልብጦ ያያል! «ይህ በእኛ አገር የታወቀ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት በጨረር ይታከማል» አለ። እኔ ጨረር ሲሉ የማውቀው ራጅ ነው፤ ራጅ ፎቶ ያነሣል እንጂ ያክማል ሲባል ሰምቼ አላውቅም! ጋሼም «ፎቶ ካነሡኝ ጣቴ ቀጥ ሊል ነው?» አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ መሣሪያው ያለው አንድ የአገሩ ልጅ፣ ሽማግሌ ሐኪም፣ እንዳለ ነገራቸው። «ቶሎ ሂድ» አላቸው። ጋሼ «ይህ ግቢ ከራብተኛ ባዶ ሲሆን» አሉ። ግቢው እስከ ጳጉሜ ባዶ አልሆነም። በክረምቱ ጭቃ እስከ አቀስታ በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና ሄዱ።

አዲስ አበባ የሆነውን እሳቸው እንደነገሩን ልንገራችሁ። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ ሬዲዮው ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ አለ። የነርሷ ትሪ ከእጇ ወደቀ፣ ሰው ባለበት ደረቀ። ሽማግሌው ሐኪም ብቻ ብቅ ብሎ «ቀጣይ!» አለ። ጋሼ ገብተው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ሐኪሙ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይህ አልፏል። ጨረር የታጠፈ ጣት አይዘረጋም።» ያን ሁሉ አገር አቋርጠው መጥተው! ከዚያ ሳይጠየቅ ግራ እጃቸውን ያዘ፣ መዳፉን ጫን ጫን አደረገ። እዚያም ባቄላ አለች!

«ይችን ነው የምፈልጋት» አለ።

«ዶክተር፣ የታመመው ቀኙ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ግራው እኮ ደህና ነው!»

«ደህና ሆኖ እንዲቀር ነዋ።»

ጋሼ ጥለው ሊወጡ ነበር። በመጨረሻ ተቀመጡ። ለአምስት ቀን መሣሪያው እንደ ንብ እዝዝ ይልባቸዋል፣ አያምም፣ አያቃጥልም። «እኔ ዕድሜዬን ሰው ስወጋ የኖርኩ ሰው፣ ሳያሳምም የሚያድን ነገር እንዴት ልመን?» አሉን። ሲመለሱ መላው ጤና ጣቢያ ሮጦ ከበባቸው። ቀኙን አየን፤ እንደታጠፈ ነው!

ብርሀንነሽ፣ «የቱ ነው የዳነው?»

«ግራው።»

«ግራው ታሞ ነበር?»

«አልታመመም።»

«ታዲያ ከምን ዳነ?»

«ከመታመም።»

አሻግሬ ጭንቅላቱን ያዘ። «አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ደህና እጅ ማሳከም! እኔም ደህናውን ጉልበቴን ይዤ ልሂድ እንዴ? ደግሞ ካዳኑ አይቀር ግራውን! አይበሉበት፣ ሰው አይጨብጡበት!» ስቀን ሞትን። ጋሼም ሳቁ። ግን ሐኪሙ ሌላም ነገር ብሏቸዋል፦ «ይህ ግማሹ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰህ ሁለተኛውን ካልወሰድህ የመጀመሪያው አያስተማምንም።»

በኅዳር ሄዱ። ምን ዓይነት ኅዳር እንደነበር ታውቃላችሁ፤ በዚያ ሰሞን ስለ ስድሳዎቹ ሹማምንት በሬዲዮ የሰማነውን አሁን አልደግመውም። ከተማው ትንፋሹን ውጦ ነበር። የጨረሩ ክፍል በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። «ሐኪሙ አገሩ ገብቷል፣ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም» አላቸው ዘበኛው። ተመልሰው ሲመጡ «ተዘግቷል» ብቻ አሉን፣ ጋዋናቸውን ለበሱ፣ ሥራ ገቡ። ከዚያ ወዲህ በየጧቱ እኔ ጠረጴዛ ላይ ግራ መዳፋቸውን ለጥ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ ለጥ ካለ ጣቶቹ ደህና ናቸው፣ ሐኪሙ እንደዚያ ነው ያስተማራቸው። እኔ ጎንበስ ብዬ ከሥር አያለሁ። «ባቄላዋስ?» እላለሁ። «አለች። አልሄደችም፣ አልባሰችም።» አንድ ጧት ግን መዳፋቸውን ከማስቀመጣቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ቀን ነው ምን ያህል እንደሚፈሩ የገባኝ።

ጋሼ፣ አሁን ቀልዱን ልተው። በክፉው ቀን ግቢያችን ውስጥ የወደቀውን ሁሉ እርስዎ ስሙንና አገሩን ሳይጠይቁ አልሸኙም። ማተብ ላሰረው ቄስ አስጠሩ፣ ለእስላሙ ሸህ አስጠሩ። እኔን ራሴን ትኩሳቱ ሲጥለኝ፣ ልጆቼ እንዳይጋባባቸው ከበር መልሰው ራስዎ ውሃ ያጠጡኝ እርስዎ ነዎት፤ «አብሽሪ ሐረግ፣ አብሽሪ» እያሉ፣ ጣሳውን በዚያች በታጠፈች እጅ ይዘው። እኔ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነኝ፤ ግን ሲጨንቀኝ «ያረቢ» የምለው ከእርስዎ ተምሬ ነው። እግዜር ይስጥልኝ። አላህ ይስጥልኝ።

እንግዲህ ስንት ቀን ሙሉ ምላሴን ያሳከከኝን ልናገር! ባለፈው ሳምንት ቴሌፎን ቤት ሄድን፣ እኔና ብርሀንነሽ። የቴሌፎን ቤቱ ሠራተኛ ክንፈ ሲደውል ያለ ቴሌፎኑም አዲስ አበባ የሚሰማው ይመስለኛል። «የእጅ! ጨረር! እጅ ነው የምልህ፣ እጅ!» ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ አዳመጠ። ከወዲያ ምን አሉ መሰላችሁ? ክፍሉ ተከፍቷል! ሌላ ሐኪም ገብቶበታል፣ መሣሪያው ይሠራል፣ ጣቱ ገና ካልታጠፈ ይቻላል፤ ግን ዘግይቷልና ይፍጠን አሉ!

አይ ጋሼ፣ አልቀልድም። አይነሡ፣ ይቀመጡ። ብርሀንነሽ፣ ውሃ ስጫቸው። አዎ፣ መካነ ሰላም ሙሉ ያውቃል፤ የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት! ወሬ የማይቆይባት ከተማ አንድ ሳምንት አፏን ይዛ ስትከርም እኔም ዛሬ ድረስ አላመንኩም። የጤና ጣቢያችን ላንድሮቨር ነገ መድኃኒት ለማምጣት ደሴ ይወርዳል፤ የፊት ወንበሩ የእርስዎ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ አውቶቡስ አለ። «ሥራ አለብኝ» እንዳይሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለብዎትም!

በር ላይ የቆመውንም ሰው እዩት፤ ቢተው ነው። አብሬ እሄዳለሁ፣ ሳጥናቸውን እይዛለሁ ብሏል። ተው ብለው አልሰማም አለ። «ያኔ ሰው ሁሉ እጃቸውን እንዲያይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አሁን ታክመው ሲወጡ መጀመሪያ የማየው እኔ ልሁን» ነው የሚለው።

ይድናል ብዬ አልምልም፤ ሐኪሙም አልማለም። ግን በሩ ተከፍቶ እኛ አንቀመጥም። በሉ ብርዛችሁን አንሡ፣ ጠጅ አይደለም፣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም የሚሆን ነው። ለጋሼ ጀብሪል! ጡረታዎ የዕረፍት ይሁን፣ መንገዱ ይቅናዎት፣ ያቺ ባቄላ እንደ ባቄላ ትድረቅ፣ የልጅ ልጅዎን በሁለት እጅዎ አንሥተው ይሳሙ። አሚን በሉ እንጂ! ጠጡና ቶሎ ልቀቋቸው፤ መኪናው ሲነጋ ይነሣል፣ ገና ልብሳቸውን አልሸከፉም።