ፈተና ላይ የማይመጣ ጥያቄ

በሥነ መለኮት ኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት ስለምሠራ፣ ሰው ሲከራከር ዝም ብሎ መስማት ልማዴ ነው። ባለፈው ወር ግን መነጽሬን ላስጠግን በገባሁበት ሱቅ ዝምታው ከበደኝ። አግዳሚው ላይ ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመት የሆናቸው የቀድሞ መምህራችን ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተማሪያቸው የነበረው የኮሌጁ ዲን አለ። መምህር ስለጎደለን ተመልሰው እንዲያስተምሩ እሱ እየለመናቸው ነበር።

«እሺ ብያለሁ እኮ» አሉ ሽማግሌው። «ደብተሬን ይዤ እመጣለሁ፤ እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። አለቀ።»

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ደብተሩ ይቅር። ተማሪዎቹ ይጠይቁ።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩበት ይቅር? አንተስ በምን ተምረህ ነው ዲን የሆንከው?»

«በእሱ ነው። የእጅ ጽሑፌ እስከ ዛሬ ያምራል።»

ሳቄን ዋጥኩት። ያን ደብተር ቃል በቃል የመለሰ ያልፋል፤ በራሱ አነጋገር የጻፈ ይወድቃል። እኛም ይህን ትምህርት ብለን መኖራችን ያሳፍረኛል።

ዲኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሦስተኛ ዓመት እያለሁ፣ ልጁ ለሞተበት ሰው ምን ይባላል ብዬ ጠይቄዎት ነበር። ‹ፈተና ላይ አይመጣም› አሉኝ። ተመርቄ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ሕፃን ልጇን የቀበረች እናት ላጽናና ሄድኩ። ሌላ የማውቀው ስላልነበረ የደብተርዎን ምዕራፍ ሰባት በቃሌ ወጣሁት። ሳልጨርስ ተነስታ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠችም።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«እርስዎ ፊት ያልተጠየቅነውን መናገር አልለመድንማ።»

«ልጄ፣ ሰውም እንደ እንጨት የሚቀናው ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው፤ እኔ ደርቄያለሁ። ደግሞ ጥያቄህን የገፋሁት በኩራት አይደለም። መልሱን ስለማላውቀው ነው። ዛሬም አላውቀውም።»

«እንግዲያው መጥተው ይህንኑ ይንገሯቸው። አለማወቅ ነውር እንዳልሆነ ያኔ የነገረኝ ቢኖር፣ ያን ቀን ዝም ብዬ አጠገቧ እቀመጥ ነበር።»

መምህሩ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እንዲህ ያለ ጸጸት በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። «ባዶ እጄን እመጣለሁ» አሉ።

ማስተማር በጀመሩበት ቀን እኔም ከክፍሉ ኋላ ተቀመጥኩ። አንዲት ተማሪ ንጹሕ ሰው ለምን ይሠቃያል ብላ ጠየቀች። መምህሩ አሰብ አደረጉና «አላውቅም» አሉ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው «አላውቅም» ብለው ጻፉ።

«እስክሪብቶውን አስቀምጡና እንነጋገር» አሏቸው።

ሰዓቱ አልበቃንም። ዛሬ እነዚያ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው በሽተኛና ሐዘንተኛ ይጠይቃሉ፤ ከመናገራቸው በፊት ይሰማሉ፤ ያቃታቸውንም ሳያፍሩ ይዘው ወደ ክፍል ይመለሳሉ። የተማረ ሰው ጥቅሙ ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ያን የመጀመሪያ ቀን ከክፍል ስንወጣ ግን መምህሩ ዲኑን ኮሪደር ላይ አስቆሙት።

«የዚያችን እናት ቤት ታሳየኛለህ? ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ዲኑ ራሱን ነቀነቀ። «መምህር፣ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ።

«የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መቼ ነው?» አሉ።