ሁለት መቶ አርባ ሴቶች ያልሠሩት ወጥ

የተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ሽመክት፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

አስቀድሜ ይህን ድግስ ላሰናዳችሁልኝ ላመስግን። ድንኳን ተክላችኋል፣ ወንበር ለምናችሁ አምጥታችኋል፣ ሰንጋ ጥላችኋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ መጀመሪያ ሞጣ፣ ኋላ እዚሁ ቢቸና፣ ባቄላ ብሉ፣ ምስር ብሉ፣ ጎመን ብሉ ስል የኖርኩ የቤት ኢኮኖሚክስ ባለሙያ ነኝ። ያለፉት ሦስት ዓመታት ሥራዬ ደግሞ «ከዕፅዋት ብቻ የሚሠሩ የዓለም ባህላዊ ምግቦች» የሚባለው ፕሮጀክት ነበር። ታዲያ በእኔ ስንብት አንድ ጭልፋ ሽሮ ይጥፋ? ዞሬ አየሁት እኮ! ጎመኑ እንኳ በሥጋ ነው የመጣው። አይዟችሁ፣ አትደንግጡ፣ ብሉ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

የፕሮጀክቱን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ታስታውሱታላችሁ? ያ ወረቀቱ የሚያብረቀርቀው። የሊባኖስ፣ የህንድ፣ የሜክሲኮ፣ ሃያ አራት ዓይነት ምግብ። ፎቶው ያምራል፣ አልዋሽም። ገለጥ ሲያደርጉት ግን «የወይራ ዘይት ሁለት ማንኪያ» ይላል። ወይራ እኛ ዘንድ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል እንጂ ዘይት ሲወጣው ማን አየ? ይህን ሳነሳ ከእናንተ መካከል አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ «በሪፖርቱ ላይ እንደ ተግዳሮት ይያዝ» አለ። ተያዘ። እስካሁን እዚያው ተይዞ ይገኛል።

አቶ ሽመክት ቢሮ ገብቼም ነበር።

«ስልጆን፣ እልበትን፣ ሱፍ ፍትፍትን ጨምረን ሃያ ሰባት እናድርገው» አልኳቸው።

«እትዬ አምሳለች፣ ይኼ እኮ የዓለም ምግብ ነው።»

«እኛ ከዓለም ውጭ ነን?»

«መመሪያው ላይ የለንም» አሉኝ። ይህን የሚሉኝ ሰው ሁዳዴን በስልጆ የሚገፉ ሰው ናቸው።

እናም በዓመት ከስድስት ወር በላይ የሚጾሙ ሴቶችን ሰብስበን፣ ያለ ሥጋ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ ልናስተምራቸው ተነሳን። ወይ ድፍረት! የመጀመሪያ ቀን ሽንብራ ቀቅለን፣ ከሰሊጥና ከሎሚ ጋር ፈጭተን አቀረብን። ወይዘሮ ፈንታነሽ የምትባል የአርሶ አደር ሚስት በጣቷ ጫፍ ቀመሰችና ፊቴን አየችኝ። «እትዬ፣ ይኼ ስልጆ ሊሆን አስቦ የተወ ነው። ሰናፍጭ ቸገራችሁ እንዴ?» አለችኝ። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በማግስቱ ግን ያንኑ ሽንብራ ደግሜ ፈጨሁ፤ የታዘዝኩት እሱን ነበራ።

ከዚያ የመስክ ጉብኝቱ መጣ። ባለፈው ዓመት፣ በዓለ ሃምሳ ላይ! ሰው ሁለት ወር ሙሉ ጾሞ ገና በፈሰከበት ሰሞን እንግዳን በባቄላ ተቀበሉ ተባለ። ሴቶቹ በሃፍረት መሬት ገቡ። እንግዳ በፍስክ ቀን የጾም ምግብ ሲቀርብለት ምን ማለት እንደሆነ የጎጃም ልጅ አጥቶት ነው? ወይዘሮ ፈንታነሽ የራሷን በግ አሳርዳ ጠበቀችን። ጎብኚዎቹ ከዓለም ምግብ ጋር ፎቶ ተነሱ። ከፎቶው በኋላ ሁላችንም በጉ ላይ ተረባረብን። አትሳቁ፤ አጥንት ስትግጡ አይቻችኋለሁ።

ታዲያ አንደኛዋ ጎብኚ ድንገት «ይህን በቤታቸው የሚሠሩ ስንት ሴቶች ናቸው?» አለች። አቶ ሽመክት «ሁለት መቶ አርባ» አሉ። ያኔ ከመካከላችን ታናሿ ባለሙያ ሰብለ ወንጌል እጇን አወጣች። «አንዲትም የለችም። እነሱ ከእኛ በላይ ያውቁበታል፤ መማር የነበረብን እኛ ነን» አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ «የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ በማጉደፍ» ተብሎ። ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ወዳለች፣ መኪና በሳምንት አንዴ ወደሚገባባት ቀበሌ ተዛወረች። የሁለት ዓመት ልጇን ለእናቷ ትታ ሄደች። ይኸው ስምንት ወሯ።

ያን ሁለት መቶ አርባ የሚል ቁጥር የጻፈው ማን ነው? እኔ ነኝ። ስልጠናውን የተካፈሉት ሁለት መቶ አርባ ነበሩ፤ «በቤታቸው ይሠራሉ» ብዬ ጻፍኩት። አቶ ሽመክት «ያው ነው» አሉኝ፤ እኔም ያው ነው ብዬ ፈረምኩ። ልጅቱ ስትቀጣ ደግሞ ጡረታዬ ደርሷል ብዬ አፌን ዘጋሁ። ስሙኝማ፣ ዛሬ ብዙዎቻችሁን ንቄያችሁ ነው የምወጣው፤ ፊቴም አይደብቅልኝ። ያቺን ዝም ያለች አምሳለችን የምንቃትን ያህል ግን ማንንም አልንቅም።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት፣ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት፣ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩና ልጅቱ እውነቱን እንደተናገረች ገልጬ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶታል፤ ግልባጩ ለዞን ሄዷል። አቶ ሽመክት፣ የጡረታ መሸኛዬ ገና እርስዎ ጠረጴዛ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። አልተፈረመም። ቢፈልጉ ይፈርሙት፣ ቢፈልጉ ያቆዩት። እኔ ደብዳቤዬን አልስብም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። የዘራችሁት ይብቀልላችሁ። የጾማችሁት ይቆጠርላችሁ። የተሾማችሁ፣ የምትፈርሙትን አንብባችሁ ለመፈረም ያብቃችሁ። ጀማሪዎቹ ደግሞ፣ እውነት ተናግራችሁ በቤታችሁ የምታድሩበት ዘመን ይምጣላችሁ።

ሰብለ ወንጌል፣ ለስንብቴ ብለሽ ከዚያ በረሃ መጥተሽ እዚያ ድንኳኑ በር ላይ ምን ያቆምሻል? ነይ ወደ ፊት፣ አሳልፏት። ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው የምለምንሽ፤ ይቅር በይኝ። ልጅሽን አቅፈሽ ቢቸና ያሳድርሽ።

አሜን በሉ እንጂ!