የረውዳ ሕመምና የአባቷ እፍረት

በቱኒዚያዋ ከተማ በስፋክስ፣ ከመድኃኒት መደብሬ ደንበኞች እንደ ሲ ቲጃኒ (በእኛ ዘንድ «ሲ» «አቶ» ማለት ነው) የሚከበር አልነበረም። የዘይት መጭመቂያ ባለቤት ናቸው፤ ሲገቡ ሰው ከወንበሩ ይነሣል።

«የዚያን የቁስል ማብረጃ ኪኒን፣ የኮርቲዞኑን መጠን ጨምርልኝ» አሉኝ አንድ ቀን። «ለረውዳ ነው። ከሆስፒታል አወጣኋት።»

ልጃቸው ረውዳ ትልቁ አንጀቷ ቆስሎ ደም ሲያስቀምጣት ከርሟል። መድኃኒት አልያዘላትም።

«ሐኪሞቹ ፈቀዱ?»

«አንጀቷን ቆርጠን እናውጣ፣ ሆዷ ላይ የሰገራ መቀበያ ከረጢት እናንጠልጥል ይላሉ! በማርና በገዛ ዘይቴ አድናታለሁ።»

ከኋላቸው ወረፋ የያዘችው የሰፈራችን የጂኦግራፊ መምህር ሰሉዋ ነበረች። መታገሥ አልቻለችም።

«ሲ ቲጃኒ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዘይትዎ ለሰላጣ ነው።»

«አንቺ ሐኪም አይደለሽም። በቤቴ ጉዳይ አትግቢ!»

«እገባለሁ! ይኸው በሽታ ነበረብኝ። ትልቁ አንጀቴ ወጥቷል። ከረጢቱን በቀሚሴ ሥር ይዤ የወንድምዎን ልጆች ሳስተምር ማን አወቀ?»

ሽማግሌው ሳያስቡት ዓይናቸውን ወደ ሆዷ ጣል አደረጉ።

«የለም፤ ተነሥቷል» አለች። «ከትንሹ አንጀቴ ጫፍ በውስጥ የሰገራ ማጠራቀሚያ ሠሩልኝ። አልዋሽዎትም፤ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል መጸዳጃ ቤት እሄዳለሁ። ማጠራቀሚያው አንዳንዴ ይቆጣና መድኃኒት እወስዳለሁ። ከረጢቱ ይሻለኛል ብላ በዚያው የቀረችም አውቃለሁ። ደም ግን የለም፤ ያ ቁርጠት የለም!»

«መውለድስ? ማንስ ያገባታል?»

«መፀነስ ሊከብድ ይችላል፤ ያን ከሐኪሙ ጋር ትመክርበታለች። ባሉን ግን ይተዉት! ለማያውቁት አማች ሲሉ ልጅዎን ሊቀብሩ ነው?»

እኔም ተናድጄ ነበር። «ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንዲት ኪኒን አልጨምርም» አልኳቸው። «አንጀቷ ከተቀደደ መርዙ በሆዷ ይሰራጫል። ያኔ ሐኪምም ላይደርስላት ይችላል።»

«እሷ ራሷ እኮ ኦፕራሲዮን ልደረግ አላለችም።»

«ጠይቀዋታል?» አለች ሰሉዋ።

መልሳቸውን ሳትጠብቅ ወደ በሩ ቀደመች። ተያይዘን ወደ ቤታቸው ሄድን። ረውዳን በመጸዳጃው በር ሥር ተኮራምታ አገኘናት፤ ፊቷ ነጥቷል። አባቷ ኦፕራሲዮኑን ትፈልግ እንደሆነ ቀስ ብለው ጠየቋት።

«ባባ» አለች፣ «ከሆስፒታል ስታወጣኝ ‹ተወኝ፣ ይቅደዱኝ› ስል ጎረቤት እንዳይሰማ ብለህ አፌን የያዝከው አንተ አይደለህም?»

ሲ ቲጃኒ ያን ሲሰሙ ልጃቸውን አቅፈው አነሡና ወደ መኪናው ሮጡ።

ቀዶ ሐኪሙ አንጀቷ እንደ ራሰ ወረቀት ስስ ሆኖ እንዳገኘው ነገረን። በጥድፊያ አውጥቶ ከረጢት አደረገላት። በጊዜ ብትመጣ ኖሮ በጉልበቷ ሳለች ተረጋግቶ ይሠራላት ነበር። በርትታ ስትመለስ ማጠራቀሚያው ተሠራ፤ ቆይቶም ከረጢቱ ተነሣ። በሽታው የሚኖረው በትልቁ አንጀት ውስጥ ነውና ከእርሱ ጋር ወጣ። ዛሬ ረውዳ ትሠራለች፣ ከወዳጆቿ ጋር ባሕር ዳር ትወርዳለች፣ ሌሊቱንም እምብዛም ሳትነሣ ታድራለች። ይህን ሁሉ ሊያስቀርባት የነበረው ቢላዋ ሳይሆን እፍረት ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ በቤትህ የታመመ ካለ ከጎረቤትህ በፊት እርሱን ጠይቅ።

አባቷ ይቅርታ ሲለምኗት እንዲህ አለቻቸው፦ «ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ለሰው ስታወራ ‹አላህ አዳናት› ብለህ አታቁም። ‹እኔ ልገድላት ነበር›ም በል።»

ሲ ቲጃኒ በመጭመቂያው በር ላይ፣ ዘይት ሊያስጨምቅ ለመጣ ሰው ሁሉ፣ ሁለቱንም ይናገራሉ።