እርሳሱን የፈቱት ልብስ ሰፊ

የምረቃ ጋወኔ እግሬን አልፎ መሬት ይጠርጋል። ምረቃው ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ደንበኛዬ የሆነችው ልብስ ሰፊ ሱቋን ዘግታ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች። እየተነጫነጭኩ ስመለስ ከመንገዱ ማዶ የስፌት መኪና ድምፅ ሰማሁና ወደማላውቀው ሱቅ ገባሁ። እኔ መቼም ስናደድ እግሬ ወደ መራኝ ነው የምሄደው፤ ያን ቀን ግን ደግ ቦታ መራኝ።

መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ሜትር አንገታቸው ላይ የጠመጠሙ ሽማግሌ ከመኪናው ቀና አሉ።

"ግቢ ልጄ። እስቲ እዚህ ቁሚ።" ተንበርክከው የጋወኑን ጫፍ በጠመኔ ያሰምሩ ጀመር። "እንኳን ደስ ያለሽ። ሐኪም ነሽ?"

"አይደለሁም አባባ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ነው የጨረስኩት፤ በሕፃናት ትምህርት። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉትን ነው የማስተምረው።"

ጠመኔው ቆመ።

"ከሕፃን ጋር ለመጫወት ሁለተኛ ዲግሪ?"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ተምሬ።"

"ወይ ጉድ! እናቴ ስምንት ልጅ ስታሳድግ ማን ዲግሪ ሰጣት?"

ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ደሜ ፈልቷል። ይህንኑ ጥያቄ አጎቴም፣ ጎረቤቴም፣ አከራዬም ጠይቀውኛል፤ አንድም ቀን ጥሩ መልስ አግኝቼለት አላውቅም።

"ለማንኛውም ከመጣሽ አይቀር፣ ይህችን የልጅ ልጄን ምከሪልኝ" አሉና ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ጠቆሙኝ።

አራት ዓመት ተኩል የምትሆን ልጅ እዚያ ተቀምጣለች። ድንቢጥ ይሏታል፤ እናቷ ሥራ ስለምትሄድ ከአያቷ ጋር ነው የምትውለው። ከፊቷ ደብተር ተዘርግቷል። ቀኝ እጇን ሳይ ክው አልኩ። ሽማግሌው ሱሪ ወገብ ላይ የሚገባውን ላስቲክ ቆርጠው፣ በጣቶቿ ልክ ሰፍተው፣ እርሳሱን ከሦስት ጣቶቿ ጋር አስረውታል። ስፌቱስ ሲያምር!

"እርሳሱ ከእጇ እየወደቀ አስቸገረኝ" አሉ በኩራት። "ዘዴውን ራሴ ነኝ የፈጠርኩት።"

"አባባ፣ ይፍቱላት እንጂ!"

"ምነው ተቆጣሽ?"

"ጣቶቿን ይዩዋቸው፤ ቀልተዋል።"

"በሚመጣው ሳምንት የትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለባት። ፊደል ካልጻፈች አይቀበሏትም። እኔ አልተማርኩም፤ እናቷም አስራ አንደኛ ክፍል ላይ አቋረጠች። ይህቺም እንደኛ ትቅር?" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ደግሞ ከወር ወዲህ አፏን ዘግታለች። ደብተር ሳወጣ ልብሷን ታረጥባለች። ምን እንደነካት አላውቅም።"

ቁጣዬ እዚያው ሟሸሸ። ክፋት አልነበረም፤ ስጋት ነበር። ስጋትን ደግሞ እኔም አውቀዋለሁ።

"እኔም አድርጌዋለሁ" አልኳቸው። "ማስተማር እንደጀመርኩ፣ የአንድን ልጅ እጅ በእጄ ጨብጬ አስጽፈው ነበር። ወላጆቹ ጎበዝ አስተማሪ እያሉ አመሰገኑኝ። በሦስተኛው ወር ልጁ በሩ ላይ ሆኖ አልገባም ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ቀረ። ሁለት ዓመት የተማርኩት ያ ልጅ ለምን እንደቀረ ነው።"

ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ጣቶች አዩ።

"እስቲ ልጠይቅዎ። አዲስ ለማጅ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን የሱፍ ጨርቅና መቀስ ይሰጡታል?"

"አብጃለሁ እንዴ? የሰው ጨርቅ ያበላሽብኝ? መጀመሪያ የልብስ ቁልፍ ይለያል። ከዚያ ቁርጥራጭ ላይ በጠመኔ ያሰምራል። እጁ እስኪፍታታ መቀስ አይነካም።"

"ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?"

"እንደ ሰዉ ነው። በሃምሳ ዓመት ሥራዬ እንዳየሁት፣ አንዱ ሦስት ወር፣ አንዱ ዓመት።"

"እጁንስ ያስሩታል?"

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉት ጀመር። ብዙ ጠረጉት።

"ፈተናውስ?" አሉ በመጨረሻ።

"ይለፋት። አንድ ዓመት ብትዘገይ ምንም አትሆንም። ደብተር እየፈራች ካደገች ግን መመለሻው ይከብደናል። ከምረቃዬ በኋላ ጠዋት ጠዋት እኔ የማስተምርበት ትምጣ።"

ምላጫቸውን አንስተው ጠረጴዛው ሥር በርከክ አሉና ስፌቱን አንድ በአንድ ተረተሩት። እርሳሱ ወደቀ። ማናችንም አላነሳነውም። ከመደርደሪያው የቁልፍ ቆርቆሮ አውርደው ከፊቷ ዘረገፉት።

"ድንቢጥዬ፣ ነጩን ከነጩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ለዪልኝ እስቲ።"

ልጅቷ አያቷን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ጀመረች። የእኔ ልኬት እስኪያልቅ ሦስት ክምር ሠርታለች። አንዲት ቀይ ቁልፍ ግን ግራ አጋባቻት።

"አባዬ፣ ይቺ ብቻዋን ናት" አለች።

ከወር ወዲህ የሰሙት የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ሽማግሌው "ብቻዋን ትሁና፣ ምን ቸገራት" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ልጅን ቶሎ ማስጻፍ ፍቅር የሚመስለን ብዙ ነን። ቁልፍ የሚለቅም ጣት እርሳስ ለመያዝ እየበረታ ነው፤ ክምር የሚሠራ ልጅ ሒሳብ እየጀመረ ነው፤ ሳይሸማቀቅ የሚናገር ልጅ ደግሞ ነገ አስተማሪውን ደፍሮ ይጠይቃል። የተማርኩባቸው ወፋፍራም መጻሕፍት የሚሉት ይህንኑ ነው። ሽማግሌው ለማጆቻቸውን ሲያስተምሩ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያውቁት ነበር፤ የጠፋቸው ነገሩ ወደ ገዛ የልጅ ልጃቸው ሲመጣ ብቻ ነው። እኛም እንደዚያው ነን።

በሳምንቱ ጋወኔን ልወስድ ስሄድ፣ ያ ላስቲክ የቁልፍ ከረጢት ማሰሪያ ሆኗል።

"ፈተናው ቀረ" አሉኝ። "እናቷ ጮኸችብኝ፤ ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። ልብስ ማርጠቡ ቀርቷል። ወሬዋስ ብትይ! ጆሮዬን አደነቆረችው።"

ጋወኑን ስገለብጠው፣ በውስጥ በኩል ከእጥፋቱ በላይ፣ በቀይ ክር የተሰፋ መስመር አየሁ። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ መሀል ላይ ይጠቀለላል።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለች ድንቢጥ። "በጠመኔ።"

"ምን ይላል?"

"ድንቢጥ ይላላ!"

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጠመኔው እንዳይጠፋባት በላዩ ሰፋሁበት። ላቃናው ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።"

እኚህ ሰው በሃምሳ ዓመት ሥራቸው ጠማማ ስፌት ከሱቃቸው አውጥተው አያውቁም። ያንን ግን እንደ ጠመመ ሰፍተውታል።

በምረቃዬ ቀን አጎቴ አቅፎ ሳመኝና እንደ ልማዱ፣ "እንግዲህ ይሄ ሁሉ ከሕፃን ጋር ለመጫወት ነው?" አለኝ። የጋወኔን ጫፍ ገልብጬ የድንቢጥን ቀይ መስመር አሳየሁት።