ጠበል የተረጨ ብረት

«መብራት አለ ዛሬ?»

ሰላማዊት ይህን የጠየቀችው በያጁን ደሞዜን ነበር። የብየዳ ቤቱን ደጃፍ ተሻግራ ስትገባ በመጀመሪያ በሩ ጥግ አግዳሚ ላይ ለተቀመጡት አማቷ፣ ለአቶ መዝገቡ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ ጀርባዋን ሳትሰጣቸው፣ ፊቷንም ሳትሰጣቸው፣ መሃል ላይ ቆማ ከደሞዜ ጋር ወሬ ያዘች። የሌሊቱ ዝናብ የጣራህን ቀዳዳ አገኘው ወይስ አጣው? እናትህ ወገባቸውን ተሻላቸው? የደብረ ታቦር ጭቃ ዘንድሮ የሰው ሁሉ ጫማ እያስቀረ ነው ወይስ የእኔን ብቻ? ደሞዜ ለሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

አቶ መዝገቡ አግዳሚው ላይ ተመቻችተው መቀመጥ አቃታቸው። ምራታቸው ስለ ዝናብ ስታወራ ዝናቡ ማን ላይ እንደሚወርድ ያውቃሉ።

*

መኪናዋ ፊት ለፊታቸው፣ ጎማዎቿ በድንጋይ ተደግፈው ቆማለች። አሮጌ ላንድሮቨር ናት፤ ልጃቸው አንዱአምላክ፣ የሰላማዊት ባል፣ በተወለደበት ዓመት በጨረታ የገዟት። ልጁና መኪናዋ አብረው ነው ያደጉት። ቅዳሜ አንዱአምላክ ከኋላዋ ተሳቢ ቀጥሎ፣ ተሳቢውን የገሳይ ድንች ሞልቶ፣ ቁልቁል ወደ እብናት ገበያ ሊወርድ ነው። ለዚህ ጋንቾ ያስፈልጋል፤ ተሳቢው የሚያያዝበት ብረት።

ሁለት ጋንቾዎች መሬት ላይ ተጋድመዋል። አንዱ ነጭ፣ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ፣ ፓራውልት በሚሉት የኋላ መከላከያ ላይ ብቻ የሚታሰር። ሌላው ጥቁር፣ ወፍራም፣ መልከ ጥፉ፤ ሻንሲውን፣ የመኪናዋን የሥር አጥንት፣ በግራና በቀኝ አቅፎ የሚይዝ። ለጥቁሩ ግን ሻንሲው መበሳት አለበት።

አቶ መዝገቡ ደግሞ መኪናቸውን በየዓመቱ ጣራ ገዳም ወስደው ጠበል ያስረጫሉ። ጠበል የተረጨ ብረት አይበሳም ብለዋል። ትናንት ብለዋል፣ ዛሬ ጠዋትም ደግመዋል። ነጩ ይታሰር። ደሞዜ ፓራውልቱ ያን ሁሉ ጭነት እንደማይችል ሊናገር አፉን ከፍቶ፣ «እሺ ጋሼ» ብሎ ዘጋው። አንዱአምላክም «እሺ አባባ» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ሰላማዊት እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ከገሳይ ስትዳር ይዛው የመጣችው ደንብ አለ፤ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ ፊት ለፊትም አትሞግትም። ከተማው ይህን ደንብ ከተወው ቆየ። እሷ ግን አልተወችውም። ይመቻታል።

*

«እኔ የምልህ ደሞዜ ወንድሜ... እዚህ ከተማ አንድ ትልቅ ሰው አሉ ይባላል። ማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም። ግን እንደሳቸው መኪና የሚወድ የለም አሉ። ያን ሰሞን በረዶ ሲወርድ፣ ልጃቸው ደጅ ቆሞ በሩን እያንኳኳ፣ እሳቸው በጓሮ ወጥተው መኪናዋን ሸራ... አይ፣ ሸራ እንኳ አይደለም፣ ብርድ ልብስ ነው አሉ ያለበሷት። እንዲህ ያለ ፍቅር ዛሬ የት ይገኛል?»

አቶ መዝገቡ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ብርድ ልብሱ የአንዱአምላክ እንደነበረ አልጨመረችም። ለኋላ ያቆየችው ይሆናል።

ቀጥላ ነጩን ጋንቾ ማድነቅ ያዘች። አነሳችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው፣ ፊቷን አየችበት። ለጥምቀት ሲወጣ እንዴት እንደሚያምር፣ ከኋላ የሚከተለው ሕዝብ ጥርሱን ሳይቀር እንደሚያይበት፣ ድንች የሚባል ነገር አጠገቡ መድረሱ ራሱ ነውር እንደሆነ ለደሞዜ አስረዳችው።

«አባት ሳለ አጊጥ ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው... አየሃት እንዴት እንዳጌጠች?»

የምታየው መኪናዋን ነበር።

አቶ መዝገቡ ሊመልሱ ፈለጉ። ግን ለማን? ስማቸው አልተጠራም። «እኔን ነው?» ያለ ሰው ራሱን በራሱ መጥራቱ ነው። ዝም ያለም ሰምቶ መዋጡ ነው። ሳሉ።

ሰላማዊት ወዲያው ዞረች። ድምፅዋ ተለወጠ፤ የእውነት አሳቢ ሆነ። ብርድ ገብቷቸው እንዳይሆን ሰጋች፣ ትኩስ ነገር ይምጣ ወይ ብላ ጠየቀች፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ራሷ አስተካከለችላቸው። የጋቢውን ጥጥ የፈተለችው እሷው ነበረች። ከዚያ ተመልሳ ወሬዋን ካቆመችበት አነሳችው።

አሁን የምታወራው በአገሯ በገሳይ ስላለ ካሳሁን ስለሚባል አንድ ሰው ነው። ካሳሁንም ተሳቢውን ፓራውልት ላይ አስሮ፣ እየዘፈነ ዳገት ወጣ። ገበያ ሲደርስ ወርዶ ድንቹን ለገዢ ሊያሳይ ዞረ። ድንች የለም። ተሳቢ የለም። ፓራውልትም የለም። ገዢው ግን ጨዋ ሰው ነበርና ዋጋውን ጠየቀው።

«ካሳሁንስ ታድሎ ነው፤ ዳገት ሆኖለት» አለች። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት፣ በራሷ አሳጠረች አለ አሉ። ተሳቢ ግን በራሱ አያሳጥርም ደሞዜ... ቁልቁለት ላይ ከፊቱ ባገኘው ሰው ነው የሚያሳጥረው።»

*

ደሞዜ የመሣሪያ ሳጥኑን እያተራመሰ ቁልፍ ይፈልጋል። የሚፈልገው ቁልፍ እጁ ላይ ነው።

«አንተ በልጅነትህ ድቁና ተቀብለሃል አይደል? እንግዲያው እኔ ያልገባኝን ታስረዳኛለህ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ተጠምቃ፣ ሜሮን ተቀብታ፣ ማተብ ታስሮላት ትመጣለች። ከዚያ በኋላ እኮ ነው ጆሮዋ የሚበሳው... ጠበሉ በቀዳዳው ፈሶ አለቀ ያለ ቄስ ሰምተህ ታውቃለህ?»

ደሞዜ የብየዳ ጭንብሉን ጎትቶ ፊቱን ሸፈነ። የሚበየድ ነገር ግን አልነበረም። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

የአቶ መዝገቡም ከንፈር ሊከዳቸው ነበር። የልጅ ልጃቸው የፀጋ ጆሮ ሲበሳ አቅፈው የያዟት እሳቸው ነበሩ። ጉትቻውንም የገዙት እሳቸው።

ሰላማዊት አልሳቀችም። ነጩን ጋንቾ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

«እኚያ ትልቅ ሰው ልጃቸውን አሳምረው ነው ያሳደጉት። እሺ ማለት አስተምረውታል። እሺ አባባ... እሺ አባባ... ሲያምርበት። እምቢ የሚለውን ቃል ብቻ አላደረሱትም። ቅዳሜ መሪውን የሚይዘው ታዲያ እሱ ነው። የእብናትን ቁልቁለትስ... እሱን እሺ ማለት ማን አስተማረው?»



*

አቶ መዝገቡ የእብናትን መንገድ ያውቁታል። በጎልማሳነታቸው ነድተውበታል። ጭነት ከኋላ ሲገፋ ፍሬኑ እግር ሥር እንዴት እንደሚሳሳ አልረሱትም። ትናንት ልጃቸው «እሺ» ሲላቸው ደስ ብሏቸው ነበር። አሁን ያው እሺ ጆሯቸው ውስጥ ሌላ ድምፅ አወጣ። ልጁ ዓይኑን መኪናዋ ላይ ጥሎ፣ ትንሽ ቆይቶ ነበር እሺ ያለው።

ተነሱ። ሰላማዊት ወደ ቤት ሊሄዱ መስሏት መንገድ ለቀቀችላቸው። እሳቸው ግን ወደ መኪናዋ ሄዱ። ከሥሯ ያለው መሬት ዝናብና የተቃጠለ ዘይት ያቦካው ጭቃ ነው። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ደሞዜ የሚተኛበት ቦታ ላይ አነጠፉት። ነጩን ጋንቾ አንስተው አግዳሚው ሥር ወሸቁት። ጥቁሩን በእግራቸው ወደ መሰርሰሪያው ገፋ አደረጉት።

ደሞዜ ጋቢው ላይ መተኛቱን ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ተኛ። መሰርሰሪያው ጮኸ። የመጀመሪያው የብረት ፍቅፋቂ ጋቢው ላይ ሲወድቅ፣ አግዳሚው ላይ ተመልሰው የተቀመጡት አቶ መዝገቡ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የፀጋ ጆሮ ሲበሳም ጨፍነው ነበር።

ሰላማዊት መሰርሰሪያው እስኪያቆም ጠበቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ መኪናዋ ሥር ለተኛው ሰው፣ ግን አግዳሚው ድረስ በሚሰማ ለስላሳ ድምፅ ምርቃቷን አወረደች።

«እጅህን ይባርከው ደሞዜ። እኚያን ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ያገኘሃቸው እንደሆነ መርቃዎታለች በልልኝ... እዚህ ስለሌሉ አሜን የምትለው አንተ ነህ። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ረጅም ዕድሜ። የማቱሳላን ዕድሜ... ልጃቸውን እንደ መኪናቸው እስኪወዱት ድረስ።»