ሦስት ሰከንድ፣ ለጊዜው

ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፤ ለስንብቴ አዳራሹን ላሰናዳችሁልኝ፣ ወንበር ለተሸከማችሁልኝ ሁሉ እጃችሁ ይባረክ። ለግድግዳ ሰዓቱም አመሰግናለሁ። ሰዓት መስጠታችሁ ደግ አደረጋችሁ፤ የዛሬው ወሬዬ ስለ ሰከንድ ነው።

ባለቤቴና ልጄ እዚህ ስላሉ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኛ የሊፍት ሶፍትዌር እንጽፋለን። በሩ ሰው እስኪገባ ስንት ሰከንድ ይጠብቅ? ስምንት። ይህ ቁጥር አንድ ቦታ ይጻፋል፣ ስም ይሰጠዋል፣ ሌላው ሁሉ በስሙ ይጠራዋል። «ቋሚ» የምንለው ለዚህ ነው። እኛ ግን ምን አደረግን? ፈልጎ ለማግኘት የሰነፈ ሁሉ የራሱን ቋሚ ፈጠረ። አንዱ «የበር ቆይታ» አለው፣ ሌላው «የበር ጊዜ»፣ ሌላው «በር ክፍት»። አልክድም፣ ሁለቱ የእኔ ናቸው።

የዛሬ አምስት ዓመት አንድ ጠዋት፣ ክሊኒክ ባለበት ሕንፃ ውስጥ፣ በእኛ ሶፍትዌር የሚሠራ፣ ሰው መኖሩን የማይለይ አሮጌ ሊፍት በአንዲት አዛውንት እጅ ላይ ተዘጋ። አንጓቸው ተሰበረ። ስብሰባውን ታስታውሳላችሁ አይደል? ያኔ ቡድን መሪ የነበሩት የዛሬው ሥራ አስኪያጃችን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የበሩን ክፍል የምትጽፈው እሷ ናት» አሉ። በቃ። «ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ስምንት ይቆጥራል» ብል ማን ሰምቶኝ? ሁላችሁም ጠረጴዛውን ስታዩ ነበር። ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፣ ኮድ እንዳልነካ ተከለከልኩ፣ ከፕሪንተሩ ጎን ተቀምጬ መመሪያ አራሚ ሆንኩ።

እሱስ ይሁን። ያን ሰሞን ልጄ፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ፀጉሯን እየሠራሁላት ሳለ «እማዬ፣ የሴትዮዋን እጅ የሰበርሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ አላውቅም ነበር። አምስት ዓመት ያንን መልስ ይዤ ኖርኩ።

መልቀቂያ ሳስገባ ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ። «እስክትወጪ እነዚህን የተደጋገሙ ቋሚዎች አጥሪልን፤ ሌላ ሰው እንዳላባክን።»

ውለታዎን አልረሳም። ስድስት ቋሚዎች አገኘሁ፣ የሁሉም ቁጥር ስምንት ነው። ሰባተኛው «የበር ትዕግሥት» ይባላል። ቁጥሩ ሦስት። የሚሠራው ጠዋት ሕንፃው ሲጨናነቅ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው እኔ ስሞክረው ያመለጠኝ። የመዝገብ ቤቷ ወዳጄ፣ የእኛም ሕንፃ ሊፍት በዚሁ ኮድ ይሠራልና ቦርሳሽን በየጠዋቱ ሲነክስ የከረመው ይኸው ነው። ከጎኑ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፦ «ለጊዜው»።

ይህ የማን ቃል ነው? አትሳቁ። በሌሉበት «አቶ ለጊዜው» የምትሏቸው እናንተ ናችሁ እንጂ እኔ አይደለሁም።

እስቲ መብራቱን ቀነስ አድርጉልኝ። ይኸው፣ ግድግዳው ላይ። ኮድ ማን መቼ እንደጻፈው ይመዘግባል። ስሙ የእርስዎ፣ ቀኑ ደግሞ ከአደጋው በፊት፣ እንግዶች ሊጎበኙን የመጡበት ዋዜማ፤ ሊፍታችን ፈጣን እንዲመስል። ይቀመጡ እንጂ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ምን አስቸኮለዎት? በሩ አይዘጋብዎትም።

ሰባቱን አንድ አድርጌአቸዋለሁ፤ ስምንት ነው። ከላዩ ታሪኩን ከነቀኑና ከነስምዎ በአራት መስመር ጽፌአለሁ፤ አዲስ የሚቀጠር ሁሉ ያነበዋል። ግልባጩ ዛሬ ጠዋት ለደኅንነት ተቆጣጣሪዎችና ለአዛውንቷ ቤተሰብ ደርሷል። ይቅር በይ የምትሉኝ ካላችሁ እሞክራለሁ። ለጊዜው ግን ደስ ብሎኛል።

እንግዲህ ልመርቅ። ጤናና እንጀራ አይጉደልባችሁ። ልጆቻችሁ ቀና ብለው የሚያዩአችሁ ሰዎች ያድርጋችሁ። በስብሰባ ላይ ሰው ሲወቀስ፣ አንዳችሁ እንኳ ከጠረጴዛው ላይ ዓይናችሁን የምታነሱበት ልብ ይስጣችሁ። ለእርስዎም፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ነገ የሚጠይቁዎት ሰዎች ለመልስ ሦስት ሰከንድ ይስጡዎት።

ልጄ፣ ፀጉርሽን ስሠራ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ፣ አይደለሁም። ተነሺ እንሂድ፤ ሊፍቱ ይጠብቀናል።